በጨለማ የሚያየው ዐይን
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



ማታ ከሥራ አምሽታችሁ በመሥሪያ ቤታችሁ በር ስታልፉ ቀና ብላችሁ ብትመለከቱ፥ ከግድግዳው ጥግ የተሰቀለ የጥበቃ ካሜራ ታያላችሁ። በመስተዋቱ ዙሪያ የተደረደሩት ነጥቦች ሊጠፋ እንደ ተቃረበ ፍም ደብዘዝ ብለው ይቀላሉ። ግቢው ጨልሟል፤ ዘበኛው እንኳ ያለ ባትሪ መንገዱን አይለይም። በማግሥቱ ሥዕሉ በተከፈተ ጊዜ ግን ዛፉ፥ የቆመው መኪና፥ የሚያልፈው ሰው አካሄድ ሁሉ ተለይቶ ይታያል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? በዛሬው ንግግራችን ይህን ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድሞ አንድ ስሕተት ማረም ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ካሜራው በጨለማ ያያል ብሎ ያምናል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ካሜራውም እንደ እኛው ብርሃን በሌለበት አንዳች ነገር አያይም። ልዩነቱ፥ እኛ የማናየውን ብርሃን ራሱ አብርቶ በዚያ ብርሃን መመልከቱ ነው።

ለመሆኑ የማይታይ ብርሃን አለን? አዎን፥ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1800 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ይኖር የነበረው የከዋክብት ተመራማሪ ዊልያም ሄርሼል፥ ፕሪዝም በሚባለው ባለ ሦስት ማዕዘን መስተዋት የፀሐይን ብርሃን አሳልፎ እንደ ቀስተ ደመና በየቀለሙ ከፈለው። ቀጥሎም በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር እያኖረ ሙቀቱን ለካ። ሙቀቱ ወደ ቀዩ ቀለም በቀረበ መጠን እየጨመረ ሄደ። ሊቁ በዚህ አላበቃም፤ ቴርሞሜትሩን ከቀዩ አሳልፎ፥ ለዐይን ምንም ብርሃን በማይታይበት ሥፍራ ባኖረው ጊዜ ሙቀቱ ከሁሉ በልጦ ተገኘ። ከቀዩ ወዲያ የማይታይ ጨረር መኖሩ በዚህ ታወቀ። ይህ ጨረር ኢንፍራሬድ ይባላል፤ በአማርኛም ታሕተ ቀይ ተብሏል።

ብርሃን በሞገድ መልክ ይጓዛል። የሞገዱ ርዝመት የሚለካው በናኖሜትር ሲሆን፥ አንድ ናኖሜትር ማለት አንድ ሚሊሜትር ለ1,000,000 ሲካፈል የሚገኘው ነው። የሰው ዐይን የሚያየው ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ገደማ ያለውን ብርሃን ነው። በካሜራው ውስጥ ሥዕሉን የሚቀበለው የሲሊኮን ገበታ ግን እስከ 1,100 ናኖሜትር ገደማ ድረስ ያለው ጨረር ይሰማዋል። ጨረሩ ባረፈበት ነጥብ ሁሉ ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ፤ የእነዚህም ብዛት በየነጥቡ እየተለካ ሥዕሉ ይሠራል።

ታዲያ ይህ ችሎታ በቀን ጕዳት አለው። ታሕተ ቀዩ ከሚታየው ብርሃን ጋር ተቀላቅሎ ከገባ ቀለማትን ያበላሻል። ስለዚህ ከገበታው ፊት ታሕተ ቀይን የሚከለክል ስስ መስተዋት ተደርጓል። ሲመሽ፥ የብርሃኑ መጠን ማነሱን የሚለካው ክፍል ለካሜራው ያስታውቃል፤ አንዲት ጥቃቅን ሞተርም መስተዋቱን ወደ ጎን ትገፋዋለች። በጸጥታ ሰዓት ከካሜራው ሥር የቆመ ሰው ቀጭ የሚል ድምፅ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። ወዲያውም በዙሪያው ያሉት ትንንሽ አምፑሎች ይበራሉ። እነዚህ አምፑሎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። የ850 ናኖሜትሩ ራቅ አድርጎ ያሳያል፤ ነገር ግን ጥቂት ቅላት ይታይበታል። የ940ው ፈጽሞ አይታይም ለማለት ይቻላል፤ ሆኖም ገበታው ለዚህ ጨረር ያለው ስሜት ደካማ ስለሆነ ርቀቱ ያንሳል።

ይህን በቤታችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። የቴሌቪዥን መቈጣጠሪያችሁን ወደ ስልካችሁ ካሜራ አዙራችሁ ቍልፉን ተጫኑ። ለዐይናችሁ ምንም ሳይታይ፥ በብዙ ስልኮች መስኮት ላይ ግን ብልጭታ ይታያል።

የሌሊቱ ሥዕል ለምን ጥቁርና ነጭ ሆነ? ካሜራው በቀን ቀለምን የሚለየው በየነጥቡ ላይ ባሉት ቀይ፥ አረንጓዴና ሰማያዊ ማጣሪያዎች ነው። የአምፑሎቹ ታሕተ ቀይ ግን ሦስቱንም ያለ ብዙ ልዩነት ያልፋቸዋል። ስለዚህ ካሜራው የሚያውቀው ብዙ ጨረር የመለሰውንና ጥቂት የመለሰውን ብቻ ነው፤ ያንንም ነጭና ጥቁር አድርጎ ያቀርበዋል።

አንባብያን ሆይ፤ ትልቁ ጕዳይ እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት ከግምጃ ቤት ዕቃ ጠፍቶ፥ ነገሩን እንዲመረምሩ ከተመረጡት ሦስት ሰዎች አንዱ እኔ ነበርሁ። ካሜራው ነጣ ያለ ካፖርት የለበሰ ሰው በሌሊት ሲገባ አሳየን፤ ፊቱ ግን አይለይም። በዚያ መሥሪያ ቤት ነጣ ያለ ካፖርት ለብሶ የሚያድር አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ብቻ ነበር። ቃለ ጉባኤው ተጽፎ ለፊርማ ቀረበ፤ እኔም ብዕሬን አንሥቼ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ግን፥ «ይህ ካሜራ ቀለም የማይለይ ከሆነ ነጭነቱን በምን አወቅን?» ሲል ጠየቀ። በዚያው ሌሊት የየራሳችንን ልብስ በካሜራው ፊት ሰቅለን ተመለከትን። የእኔ ጥቁር ካፖርት በሥዕሉ ላይ እንደ ታጠበ ነጠላ ነጥቶ ታየ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጨርቅን ጥቁር የሚያደርገው ማቅለሚያ የሚታየውን ብርሃን ይውጣል፤ ታሕተ ቀዩን ግን ብዙ ጊዜ ይመልሰዋል። የዛፍ ቅጠልም እንዲሁ ታሕተ ቀይን አብዝቶ ስለሚመልስ በሌሊት ሥዕል አመዳይ የወረደበት መስሎ ይታያል። ሙከራው ዘበኛውን ንጹሕ ነው ባያሰኝም፥ ሥዕሉ እርሱን ለይቶ የሚያስወነጅል ማስረጃ አለመሆኑን ግን አረጋገጠ። ቃለ ጉባኤው ሳይፈረም ቀረ፤ ሽማግሌውም ከእንጀራው አልተነቀለም። የእኔ ፊርማ ግን በአንዲት ጥያቄ ምክንያት እንደ ተረፈ አልረሳውም።

እንግዲህ ካሜራ የሚያስተክል ወይም በካሜራ ማስረጃ የሚፈርድ ሁሉ እነዚህን ነገሮች ያስተውል። አንደኛ፥ ርቀት እጥፍ ሲሆን በዕቃው ላይ የሚያርፈው ብርሃን ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል፤ ስለዚህ የግቢው ዳር ይጨልማል፥ እጅግ የቀረበ ሰው ፊት ደግሞ በብርሃን ብዛት ይጠፋል። ሁለተኛ፥ ካሜራው በመስኮት መስተዋት ውስጥ ሆኖ ወደ ውጭ እንዲያይ ከተደረገ፥ የራሱ ብርሃን ከመስተዋቱ ተመልሶ ያሳውረዋል። ሦስተኛ፥ ከፊቱ የተሠራ የሸረሪት ድር ወይም የሚበር ትንኝ ከብርሃኑ ጋር ስለሚቀራረብ እጅግ ገዝፎ ይታያል፤ በየጊዜው መጥረግ ያስፈልጋል። አራተኛ፥ ይህን ካሜራ የሰውነትን ሙቀት ከሚያየው ካሜራ ጋር አታደባልቁ። ያኛው የሚቀበለው ከገላችን የሚወጣውን፥ ርዝመቱ ወደ 10,000 ናኖሜትር የሚጠጋውን ጨረር ነው። ይህ ጨረር በተራ መስተዋት ስለማያልፍ የካሜራው ዐይን ብዙ ጊዜ ጀርማኒየም ከተባለ ንጥረ ነገር ይሠራል፤ ዋጋውም ውድ ነው።

ካሜራ ታማኝ አገልጋይ ነው፤ ያላየውን አይናገርም። ዳሩ ግን ያየው በእኛ ብርሃን ሳይሆን በራሱ ብርሃን መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ዐይን ያያል፥ ልብ ይፈርዳል። የካሜራውን ዐይን ከግድግዳ ላይ ብንሰቅለውም፥ ፍርዱ ከእኛው ዘንድ ነውና፥ ከመፈረማችን በፊት እንጠይቅ።