የሕፃናት ተቅማጥ፦ የሚታመነውና እውነታው

በሕክምናው አተረጓጎም ተቅማጥ የሚባለው በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ የቀጠነ ሰገራ መውጣት ሲሆን፣ ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ቶሎ ቶሎ የሚያወጣው ለስላሳ ሰገራ ከዚህ አይቆጠርም። የታመመውን ሕፃን በአብዛኛው ለሞት የሚያበቃው ከሰገራው ጋር የሚወጣው ውሃና ጨው ተሟጦ የሚከተለው የሰውነት ድርቀት ነው፤ በአሳዳጊዎች ዘንድ ሥር የሰደዱት አብዛኞቹ የተሳሳቱ እምነቶችም ይህን ካለመረዳት የመነጩ ናቸው።

ከሁሉም ጎጂው፣ ልጁ በጠጣ ቁጥር ስለሚብስበት ሆዱ እስኪያርፍ ጡትም ውሃም ይቀነስለት የሚለው ነው። እምነቱ ከባዶ አልተነሣም፤ ልጁ ጠብቶ ሳይጨርስ ሲያስቀምጠው እናት በዓይኗ ታያለች። ይሁን እንጂ ጨጓራ ምግብ ሲቀበል ትልቁ አንጀት መንቀሳቀሱ ተፈጥሯዊ በመሆኑ፣ በዚያች ቅጽበት የሚወጣው ቀድሞ በአንጀት የተጠራቀመው እንጂ አሁን የተጠባው ወተት አይደለም። ፈሳሽ ቢከለከልም ከሰውነት የሚወጣው ውሃ ስለማይቆም፣ ክልከላው ድርቀቱን ያፋጥናል። ስለዚህ ሕፃኑ ከወትሮው አዘውትሮ ሊጠባ፣ ምግብ የጀመረውም ሊመገብ ይገባል፤ ካገገመ በኋላም ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ ቢያገኝ የቀነሰውን ክብደት ለመመለስ ይረዳዋል።

«ኦ.አር.ኤስ ሰጠነው፣ አላቆመለትም» ተብሎ በማግሥቱ የሚተወው ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም የሚነቀፈው ሥራው ባልሆነ ነገር ነው፤ ተግባሩ የወጣውን መተካት እንጂ ተቅማጡን ማቆም አይደለም። በውስጡ ያሉት ጨውና ግሉኮስ የተባለው ስኳር ተያይዘው የአንጀትን ግድግዳ ሲያልፉ ውሃውን አስከትለው ያስገባሉ፤ ይህ መተላለፊያ በተቅማጥ ጊዜም በአብዛኛው ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ የሸሹ ስደተኞች በተጠለሉባት የሕንዷ ባንጋዎን ከተማ ኮሌራ በተነሣ ጊዜ፣ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ተመሳሳይ ውሕድ በስፋት እንዲጠጣ በማድረጋቸው፣ 30 በመቶ ገደማ የነበረው የሕሙማን ሞት ከ4 በመቶ በታች ወርዷል።

አዘገጃጀቱ ግን ለግምት አይተውም። ለአንድ ሊትር የተዘጋጀ ከረጢት ሙሉውን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ያለበት ሲሆን፣ «ለነገ ይትረፍ» ተብሎ በዓይን ተከፍሎ በብርጭቆ ቢበጠበጥ ወይ ከሚገባው በላይ ይቀጥናል፣ ወይ ጨው ይበዛበታል። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር በማንኪያ ይሰጠዋል፤ ቢያስመልሰው 10 ደቂቃ ቆይቶ ዝግ ብሎ መቀጠል እንጂ ማቋረጥ አይገባም። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈው ይደፋል። ለስላሳ መጠጥ ይተካዋል የሚለው ግምትም ስሕተት ነው፤ የበዛው ስኳር ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሳል።

የሕመሙን ዕድሜ የሚያሳጥረው ዚንክ የተባለው ማዕድን ነው፤ ስድስት ወር ላልሞላው በቀን 10፣ ከዚያ በላይ ለሆነው 20 ሚሊ ግራም ይሰጣል፤ ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቢቆምም እንኳ 10 ቀን ሙሉ መወሰድ አለበት። አንቲባዮቲክ ግን በቫይረስ ለሚመጣው አብዛኛው የሕፃናት ተቅማጥ ፋይዳ የለውም፤ ሰገራው ደም ሲቀላቅል ወይም ኮሌራ ሲጠረጠር ባለሙያ ያዝዘዋል።

ተቅማጥን ከጥርስ ማብቀል ጋር ማያያዝ ደግሞ ሕፃናትን ለስለት ዳርጓል። ጥርስ የሚበቅልበት ዕድሜ ልጁ ተጨማሪ ምግብ የሚጀምርበት፣ መሬት ላይ እየዳኸ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚከትትበት በመሆኑ ተሕዋስያን በቀላሉ ያገኙታል፤ ጥርሱ በደለኛ አይደለም። ግግ ነው ተብሎ ከድድ ተቧጦ የሚወጣው ገና በማደግ ላይ ያለ የልጁ ጥርስ ሲሆን፣ እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ግግ ማስወጣት ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል እንጂ አንዲት ጠብታ ውሃ አይመልስም። በአንጻሩ፣ ከባድ ተቅማጥ የሚያስከትለውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባት በኢትዮጵያ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ሕፃናት በተወለዱ በ6ኛውና በ10ኛው ሳምንት ይሰጣል።

ዓይኑ የጎደጎደ፣ እርግብግቢቱ የሰረጎደ፣ የሆዱ ቆዳ ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ የማይመለስ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የፈዘዘ ወይም የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ሕፃን፣ በመንገድም ላይ ኦ.አር.ኤስ መቀበል ከቻለ እየተሰጠው፣ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ።