ክለቡ የማን ነው?

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሁለት ተማሪዎቼ በእንግሊዝ ክለቦች ጉዳይ ሲከራከሩ ደረስኩባቸው። አንደኛው «ክለባችን» ይላል፤ ሁለተኛውም «የኛው ይሻላል» ሲል ይመልስለታል። «ለመሆኑ የእኛ የምትሉት ክለብ ባለቤቱ ማን ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ሁለቱም ዝም አሉ። ይህን ጥያቄ የፖርትስማውዝ ከተማ ሰዎችም በጭንቅ ቀን ለመጠየቅ ተገደው ነበር። ታሪካቸው ለወጣቶቻችንም ሆነ ለወላጆች የሚነግረው ነገር ስላለ እነሆ እናቀርበዋለን።

ከዋንጫ ወደ ዕዳ

ፖርትስማውዝ በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ የምትገኝ የባሕር ኃይል ከተማ ናት። በስሟ የሚጠራው ክለብ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ተመሠረተ፤ በ1949 እና በ1950 በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ። በ2008 ደግሞ በዌምብሌይ ስታዲየም ካርዲፍ ሲቲን በናይጄሪያዊው ካኑ ጎል 1 ለ 0 አሸንፎ የኤፍ ኤ ዋንጫን አነሳ።

ይሁን እንጂ ለዚያ ዋንጫ የወጣው ገንዘብ ክለቡ ራሱ ሠርቶ ያገኘው ብቻ አልነበረም። ሜዳው ፍራተን ፓርክ ሃያ ሺህ ያህል ተመልካች ብቻ የሚይዝ ሲሆን፣ ለተጫዋቾች የሚከፈለው ደመወዝ ግን ከገቢው ጋር የሚመጣጠን አልነበረም። ጉድለቱን የሚሞላው የባለቤቱ ኪስና ብድር ነበር። ኪሱ ሲነጥፍ ሁሉም ነገር ተናጋ። በ2009/10 የውድድር ዘመን ብቻ አራት ባለቤቶች ተፈራረቁበት፤ የተጫዋቾች ደመወዝ እንኳ በወቅቱ አልተከፈለም። በፌብሩዋሪ 2010 ክለቡ በኪሳራ አስተዳዳሪዎች እጅ ወደቀ። ከፕሪሚየር ሊግ ክለቦች ይህ የደረሰበት የመጀመሪያው እርሱ ነው። ዘጠኝ ነጥብ ተቀነሰበት፤ ከሊጉም ወረደ።

ዕዳው ሲቆጠር ከ100 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከባለገንዘቦቹ መካከል የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚሰጠው ሴንት ጆን አምቡላንስ የተባለው በጎ አድራጎት ድርጅት ሳይቀር ነበረበት። በእግር ኳሱ ደንብ በቅድሚያ የሚከፈላቸው ተጫዋቾችና ሌሎች ክለቦች ነበሩ። የሰፈሩ ነጋዴና ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ግን ከተረፈው ይካፈሉ ነበር። ባለጸጋው የተበደረውን ዕዳ ድሃው ከፈለ ማለት ይቻላል። በ2012 ክለቡ ለሁለተኛ ጊዜ በአስተዳዳሪዎች እጅ ገባ፤ በ2013ም እስከ አራተኛው እርከን ድረስ ወረደ።

አንዱ ድርሻ 1,000 ፓውንድ

በዚህን ጊዜ ደጋፊዎቹ ከመጮህ አልፈው ተደራጁ። የፖምፒ ደጋፊዎች ማኅበር አንዱን ድርሻ በ1,000 ፓውንድ ለሽያጭ አቀረበ። ብቻቸውን የማይችሉም እየተጣመሩ በጋራ ገዙ። ነገሩ እኛ ከምናውቀው እቁብ ጋር ይመሳሰላል እንዳይባል፣ እቁብተኛ ተራው ሲደርስ ገንዘቡን ይወስዳል። እነዚህ ሰዎች ግን ትርፍ ቀርቶ ዋናው እንኳ ስለ መመለሱ ዋስትና አልነበራቸውም። እንዲያም ሆኖ ከ2,000 በላይ ሰዎች ከፈሉ። ጥቂት የከተማዋ ባለሀብቶችም ገንዘባቸውን ጨመሩ። ጉዳዩ ለንደን ከሚገኘው ከፍተኛ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ በኤፕሪል 2013 ክለቡ በእጃቸው ገባ። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ በደጋፊዎች ከተያዙት ክለቦች ትልቁ እርሱ ሆነ።

አዲሶቹ ባለቤቶች በመጀመሪያ ዝነኛ ተጫዋች ለመግዛት አልሮጡም። የሰው ገንዘብ አማና ነውና የቆየውን ዕዳ መክፈል ያዙ፤ በሴፕቴምበር 2014 ከዚያ ዕዳ ነጻ ወጡ። የቁጠባው ዋጋ ግን ትዕግሥት ነበር። ቡድኑ በአራተኛው እርከን አራት ዓመት ቆይቶ በ2017 ዋንጫውን አንስቶ ከፍ አለ።

ከባዱ ምርጫ

በዚያው ዓመት የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ የቀድሞ ኃላፊ የነበሩት አሜሪካዊው ማይክል አይዝነር ክለቡን ለመግዛት ጠየቁ። ክርክሩ እንዲህ ነበር። ያረጀው ፍራተን ፓርክ ብዙ ጥገና ይፈልጋል፤ የደጋፊው ኪስ ይህን ይችላልን? በሌላ በኩል፣ በባለጸጋ እጅ ተጎድቶ የዳነን ክለብ መልሶ ለባለጸጋ መስጠት ተገቢ ነውን? ባለድርሻዎቹ ድምፅ ሰጡ፤ 80 ከመቶ ያህሉ ሽያጩን ደገፉ። በኦገስት 2017 ክለቡ በ5.67 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጠ። በ2024 የሦስተኛውን እርከን ዋንጫ አንስቶ ወደ ሁለተኛው አደገ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንደኛው «ታዲያ ደክመው ያዳኑትን ለምን ሸጡት?» አለኝ። እኔም ብሆን ለሽያጩ እጄን ፈጥኜ የማነሣ አይመስለኝም። ነገር ግን አንድ ልዩነት ልብ በሉ። ከዚያ በፊት ክለቡ ሲሸጥና ሲለወጥ ደጋፊው የሚሰማው ከጋዜጣ ነበር። በ2017 ግን ገዢው ወደ ደጋፊው መጥቶ አስረዳ፤ ደጋፊውም ጠየቀ፣ ተከራከረ፣ ወሰነ።

ወጣቶች ሆይ! «የእኛ» ማለት ቀላል ነው። ሒሳቡን መጠየቅ፣ ዕዳውን መሸከም፣ ሲወስኑም መቀመጥ ግን ከባድ ነው። ይህም ለክለብ ብቻ ሳይሆን ለሰፈር እድራችንም፣ ለትምህርት ቤታችንም፣ በጋራ ለያዝነው ነገር ሁሉ ይሠራል።