‹‹ሜይ››፦ ፈቃድ፣ ግምት ወይስ ክልከላ?

በእንግሊዝኛ ዘወትር ከሚነገሩት ቃላት አንዱ ‹‹ሜይ›› የተባለው ረዳት ግሥ ነው። ቃሉ ለጆሮ ቀላል ቢመስልም፣ በስደት ለምንኖር ሰዎች በሚደርሱን ደብዳቤዎችና በምንዳኝባቸው ሕጎች ውስጥ ሲገኝ ብርቱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ ዋና ዋና አገባቦቹን ለይተን ለማሳየት እንሞክራለን።

የቃሉ ጥንተ ትርጉም ‹‹ኃይል አገኘ፣ ቻለ›› ነበር። ከጊዜ በኋላ የችሎታን ፍቺ ‹‹ካን›› ለተባለው ግሥ ለቆ በሦስት አገባቦች ጸና። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ ደጅ ለቆመ እንግዳ ‹‹መግባት ይችላሉ›› እንደሚባለው። ሁለተኛው ግምት ነው፤ ‹‹ዛሬ ሊዘንብ ይችላል›› እንደምንለው። ሦስተኛው ምኞትና ምርቃት ነው፤ ‹‹ነፍሱን በገነት ያኑራት›› ከሚለው አነጋገራችን ጋር ይቀራረባል። ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23 የሚውለው የፈረንጆች ወር ስም ግን በድምፅ ቢመስለውም ሥሩ ሌላ ነው።

ችግሩ የሚበረታው አሉታ ሲጨመርበት ነው። ‹‹ሜይ ኖት›› አንድ ጊዜ ‹‹ላይመጣ ይችላል››፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ‹‹መምጣት አይፈቀድለትም›› ማለት ይሆናል። አማርኛችን አሉታውን በየትኛው ግሥ ላይ እንደሚያሳርፍ በመወሰን ሁለቱን ሐሳቦች ይለያቸዋል፤ እንግሊዝኛው ግን ለዐውዱ ይተወዋል።

ለዚህ የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሕጉ ለአመልካች ጥገኝነት ስለ መስጠት ሲናገር ‹‹ሜይ›› ይላል። ይህም መመዘኛውን ያሟላ ሁሉ ጥገኝነት በግድ ይሰጠዋል ማለት አይደለም፤ የመጨረሻው ውሳኔ ለባለሥልጣኑ ሚዛን የተተወ ነው። በዚያው ሕግ በሌላ አንቀጽ፣ በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ወገኑ ወይም በፖለቲካ አቋሙ ምክንያት ሕይወቱ ወይም ነጻነቱ አደጋ ላይ ወደሚወድቅበት አገር ሰውን ስለ መመለስ ሲናገር ‹‹ሜይ ኖት›› ይላል። ይህ ግምት ሳይሆን፣ በሕጉ ከተዘረዘሩት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ ባለሥልጣኑን የሚያስር ክልከላ ነው።

በፈቃድና በግዴታ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ታሪካችን አስቀድሞ አሳይቶናል። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ፣ አፄ ምኒልክ ከአውሮፓ መንግሥታት ጋር በኢጣልያ በኩል መላላክ ‹‹ይቻላቸዋል›› ሲል በአማርኛ ምርጫ ሰጠ፤ የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን ግዴታ አደረገው። ነገሩ በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ደረሰ፤ ውሉም የተሻረው ከድሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ ለወገኖቻችን ደብዳቤ የምናነብና የምናስተረጕም ሁሉ፣ ‹‹ሜይ›› በገጠመን ጊዜ ፈቃድ ነውን፣ ግምት ነውን፣ አሉታውስ የት ላይ አረፈ ብለን እንጠይቅ። ‹‹ሊሰጥዎ ይችላል›› የሚለውን ‹‹ይሰጥዎታል›› ብሎ መተርጐም ለጊዜው ቢያስደስትም፣ ባለጉዳዩን ሳይዘጋጅ ለፍርድ ቀን ያደርሰዋልና።