ስለ አሮጌው ዶቅዶቄ

ሞተር ብስክሌትን የቀድሞ ሰዎች ዶቅዶቄ ብለው ጠሩት። ስሙን ያወጣለት ድምፁ ነው፤ ገና በሩቅ ሳይታይ ዶቅ ዶቅ እያለ መምጣቱን ያስታውቃልና። ዛሬ ሰው ሁሉ «ሞተር» ብቻ ይለዋል፤ እኔ ግን አሮጌው ስም ስለሚጥመኝ በዚህ ጽሑፍ ዶቅዶቄ እያልሁ እጠራዋለሁ።

ይህን መኪና መጀመሪያ የሠሩት ጎትሊብ ዳይምለርና ቪልሄልም ማይባኽ የሚባሉ ሁለት የጀርመን ሰዎች ናቸው፤ ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1885 ነበር። አካሉ ከእንጨት የተሠራ ነው። የዳይምለር ልጅ ሲጋልበው ከሥር ያለው ሞተር ግሎ መቀመጫውን አቃጠለው ተብሎ ይነገራል። እንግዲህ ዶቅዶቄ ገና ሲወለድ ጀምሮ ጋላቢውን ያስደነገጠ ፍጥረት ነው።

እኔ በመንዝ በመሐል ሜዳ ሳስተምር እናቴ በሸዋ ሮቢት ከእኅቴ ጋር ትኖር ነበር። ስላረጀችም ቶሎ ቶሎ ልጠይቃት እወድ ነበርና አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ዕቃውን በደብረ ብርሃን በጨረታ ሲሸጥ ያማሃ ዲቲ 125 የሚባል ዶቅዶቄ ገዛሁ። እንዲህ ያለው ዶቅዶቄ ጭቃና አቀበት ሳይፈራ የእርሻና የጤና ሠራተኞችን ተሸክሞ ብዙ ዘመን ያገለገለ ነው። ያማሃ የሚለው ስም ግን የመጣው ከዶቅዶቄ ሥራ አይደለም። ቶራኩሱ ያማሃ በጃፓን አገር በሐማማትሱ ከተማ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1887 ኦርጋን የሠራ ሰው ነበረ፤ በስሙ የተጠራው የዶቅዶቄ ፋብሪካ የተቋቋመው ኋላ በ1955 ነው። በቤንዚን ማጠራቀሚያው ጎን የተሳሉትን ሦስት ሹካዎች ተመልከቱ፤ የእህል መብያ አይደሉም፥ የዜማ መሣሪያ የሚቃኙባቸው ባለ ሁለት ጣት ብረቶች ናቸው።

ዶቅዶቄው በጭነት መኪና ተጭኖ፥ ከጣርማ በር ወደ መንዝ ታጥፎ መሐል ሜዳ ሲደርስ ለማየት የሚያሳዝን ነበር። ካቴናው ዝጎ እንደ ደረቅ ጠፍር ቀጥ ብሏል። የአየር ማጣሪያውን ስንከፍተው አይጥ የጓሳ ሣር ሰብስባ ጎጆ ሠርታበታለች። እኔ ቸኩዬ የማስነሻውን ፔዳል ብረግጠው አልነቃነቅም አለ። ጎረቤቴም «በመዶሻ መታ መታ ቢደረግ ይለቃል» አለኝ። በወታደር ቤት ሙያውን የተማረ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን እጄን ያዘና «የኔታ፥ ዛሬ ቢመቱት ነገ የሚገዙት ሲሊንደር አያገኙም፤ ይተዉት» አለኝ።

እርሱም ካንዴላውን ፈታ፤ በቀዳዳውም ነጭ ጋዝና ዘይት ቀላቅሎ ጠብ ጠብ አደረገበት። ሦስት ቀን ጧትና ማታ እንዲሁ አደረገ። በአራተኛው ቀን ማርሽ አስገብቶ የኋላውን ጎማ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በዝግታ ወዘወዘው። መጀመሪያ ምንም አልሆነም፤ ኋላ ግን ፒስቶኑ አንድ ጊዜ እንደ ማቃሰት ብሎ ተላቀቀ። እኔ በደስታ ስጮኽ እርሱ «ገና ነው» ብሎ ሲሊንደሩን ከፈተ። ፒስቶኑ ድመት የቧጨረችው መስሎ ተሰንትሯል።

የዚህን ምክንያት ላስረዳችሁ። የዚህ ዶቅዶቄ ሞተር ባለ ሁለት ምት ይባላል፤ ፒስቶኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ አንድ ጊዜ በወረደ ቁጥር አንድ እሳት ይነድዳል። በአብዛኛው የመኪና ሞተር ግን አንድ እሳት ለማንደድ ፒስቶኑ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ መውረድ አለበት። ደግሞም የመኪና ሞተር ዘይቱ ከሥሩ ተቀምጦ እየተዘዋወረ ያገለግላል፤ ባለ ሁለት ምቱ ግን ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ይጠጣል፥ አብሮም ያቃጥላል። ከማርሚታው ሰማያዊ ጢስ የሚወጣው ስለዚህ ነው። ዘይቱን እየመጠነ የሚያቀርብ ትንሽ ፓምፕ አለው። የእኛን ዶቅዶቄ ይነዱ የነበሩ ሰዎች ፓምፑ ሲበላሽ ሳያስጠግኑ ዘይቱን በቤንዚኑ ላይ በግምት ያፈሱ ነበር። አንድ ቀን ግምታቸው አነሰ፤ ብረትም ከብረት ጋር ተፋትጎ ግሎ ተጣበቀ።

ሲሊንደሩ አዲስ አበባ ተልኮ ውስጡ ተሞረደ፤ ሰፋ ያለ ፒስቶንም ከመርካቶ ተገዛለት። ፓምፑም ታደሰ። መካኒኩ በቱቦው ውስጥ የቀረውን የአየር አረፋ ሁሉ እስኪያወጣ ድረስ ሞተሩን አላስነሣም አለ፤ በአረፋው ስፍራ ዘይት የለምና። እንዲያውም አላመነውምና በመጀመሪያው ቤንዚን ላይ ጥቂት ዘይት ጨመረበት።

የቤንዚን ማጠራቀሚያውን ያጸዱት ተማሪዎቼ ናቸው። ውስጡ ዝጎ ነበርና ጥቂት ጠጠርና ነጭ ጋዝ ጨምረን ክዳኑን ዘጋን፤ ልጆቹም በየተራ እንደ ቅቤ መናጫ ናጡት። የወጣው ፈሳሽ ቀይ አፈር ይመስል ነበር። ይህን ሥራ በቀን፥ በደጅ፥ ከምድጃና ከኩራዝ ርቀን ሠራን። የቤንዚን እንፋሎት በዓይን አይታይም፥ ነገር ግን እሳት ካለበት ድረስ በምድር ላይ ተስቦ ይሄዳል።

በዚህ ስፍራ ስለ ስሞቹ ጥቂት ልናገር። ጣሊያኖች ብዙ መኪናና ብዙ መካኒክ ወደ አገራችን ስላመጡ የመኪና ዕቃ ስሞች ከቋንቋቸው ቀርተውልናል። ካንዴላ ማለት በእነርሱ ቋንቋ ሻማ ነው፤ ማርሚታ ድስት ነው፤ ፍሪሲዮንም መፋተግ ማለት ነው። እንግዲህ ዶቅዶቄ ሻማውን አብርቶ ድስቱን ተሸክሞ የሚጓዝ መንገደኛ ነው።

ሞተሩ በተነሣ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ወጣ። ነገር ግን ጢሱ ጥቁር ሆነ፥ ዳገትም አልወጣም አለ። ካንዴላውን ብናወጣው ጥላሸት ለብሷል። ይህም የዶቅዶቄው ጥፋት ሳይሆን የአገሩ ከፍታ ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ አየሩም በባሕር ዳር ካለው አየር ከሦስት እጅ አንድ እጅ የሚጠጋው ጎድሎታል። እሳት አየር ሳያገኝ አይነድም። ይህ ዶቅዶቄ በቆላ የኖረ ስለሆነ ካርቡራተሩ ቤንዚን የሚቀዳው ለቆላ አየር ነበረ፤ በመንዝ ግን ለዚያ ሁሉ ቤንዚን የሚበቃ አየር የለም። መካኒኩ በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ አደረጋት፤ ቀዳዳውን ይበልጥ ስለምትደፍን የሚያልፈው ቤንዚን አነሰ፥ ጢሱም ጠራ። ነገር ግን «የኔታ፥ ወደ ቆላ ሲወርዱ መርፌዋን መልሱ» ብሎ አስጠነቀቀኝ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር ገደማ ስለሆነ አየሩ ይወፍራል፤ ቤንዚኑ ግን ያው ጥቂቱ ከሆነ ሞተሩ ከልክ በላይ ይግላል።  በረጅም ቁልቁለት ቤንዚን ዘግቶ መውረድም ሞተሩን ያደርቀዋል፤ ስለዚህ በየመሐሉ ጥቂት ከፈት አድርጎ ማጠጣት ያስፈልጋል።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁትን ስጽፍ አፍራለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ቀለም ስቀባ ከረምሁ። ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ማጠራቀሚያውን ቀይ ቀባሁት፤ የእኅቴ ልጅ ፊቱን እስኪያይበት ድረስ ወለወልሁት። መካኒኩ «ፍሬኑስ?» ቢለኝ «ይይዛል» አልሁት። የኋላውን ጎማ ኩሽኔታ እኔው ራሴ ፈትቼ ግራሶ ሞላሁበት፤ ብዙ ግራሶ ብዙ ዕድሜ ይሰጠዋል ብዬ አሰብሁ።

ከዚያም አንድ ቅዳሜ ጧት የአሥራ ሁለት ዓመቱን የእኅቴን ልጅ ከኋላዬ አስቀምጬ ወደ እናቴ ተነሣሁ። በጓሳ በኩል ብርዱ እጅ ያደነዝዝ ነበር፤ ዶቅዶቄው ግን እንደ ሰጋር በቅሎ ሄደ። ጣርማ በር ደርሰን በዋሻው ውስጥ አለፍን። ይህ ዋሻ ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩበት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ዘመን የተፈለፈለ ነው። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ በአንድ በኩል ተራራ፥ በሌላው በኩል ገደል አለ፤ ከደሴ የሚመጡ ታላላቅ የጭነት መኪናዎችም ይወጡበታል።

በመጀመሪያው ጥምዝ ላይ የኋላውን ፍሬን ረገጥሁት፥ ያዘ። በሁለተኛው ላይ ለዘብ አለ። በሦስተኛው ላይ እግሬ እስከ መጨረሻው ወረደ፤ ዶቅዶቄው ግን ጭራሽ ፈጠነ። የፊቱን በእጄ ብጨብጠው ገመዱ ላልቶ ስለ ነበር እምብዛም አልረዳኝም። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚን ቢዘጉበትም እንደ መኪና ሞተር አጥብቆ አይዝም። ማርሹን አንድ በአንድ ቀነስሁ፤ ከታች አንድ የጭነት መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲመጣ አየሁና በተራራው በኩል ወዳለው ቦይ አስገባሁት። ጠጠሩ ጎማውን ያዘው። ሁለታችንም ወደቅን። ልጁ ጕልበቱ ተላጠ፥ አንድ ጫማውም ጠፋ፤ ከዚህ የከፋ አልሆነም።

ጥቂት ዝም ብለን ከተቀመጥን በኋላ ልጁ ዶቅዶቄውን ዙሪያውን ተመለከተና «አጎቴ፥ ቀለሙ እኮ አልተጫረም» አለኝ። በቅን ልቡ ሊያጽናናኝ ነበር የተናገረው።

እየገፋን በእግራችን ደብረ ሲና ገባን። በዚያ ያለ መካኒክ ጎማውን ፈትቶ ታምቡሩን አሳየኝ፤ ውስጡ በግራሶ ታጥቧል። ፍሬን ማለት ሸራው ከታምቡሩ ብረት ጋር ሲፋተግ ጎማውን የሚያቆም ነው። በቁልቁለት ብዙ ሲፋተግ ይግላል፤ ሙቀቱም እኔ የሞላሁትን ግራሶ አቅልጦ በሸራው ላይ አፈሰሰው። ቅባት የጠጣ ሸራ ደግሞ ተጠርጎ አይድንም። አሮጌውን ጥሎ አዲስ አደረገልኝ፤ ትርፉን ግራሶ አወጣ፤ የፊቱን ገመድም ለወጠ። ዋጋው ቀይ ቀለሙን ከገዛሁበት ያነሰ ነበር! እርሱ ይህን ሲሠራ እኔ መርፌዋን ወደ ቦታዋ መለስሁ፤ በዚያ ቀን ያልረሳሁት ነገር ይህ ብቻ ነው።

አሁን ዶቅዶቄውን ደኅና አድርጌ እይዘዋለሁ። ቤንዚን በጠርሙስ ስገዛ በንጹሕ ጨርቅ አጣራዋለሁ፤ ውኃና አቧራ አብረው ይሸጣሉና። ካቴናውን በየሳምንቱ ጠርጌ ዘይት እቀባዋለሁ፤ በጣት ሲነሣ ጥቂት ካልረገበ ኩሽኔታውን ይበላል፥ አብዝቶ ከረገበም ይወልቃል። ሌሊት በላስቲክ አልሸፍነውም፤ የመንዝ ጉም ከላስቲኩ ሥር ገብቶ ውኃ ሆኖ ያዘገዋል፤ አሮጌ ባና ግን ያስተነፍሰዋል። የማርሚታውንም አፍ ስለ አይጧ ብዬ በጨርቅ እደፍነዋለሁ፤ አንድ ጧት ጨርቁን ሳላወጣ ማስነሻውን ስረግጥ ቆይቼ ተማሪዎቼ ስቀውብኛል።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ደብረ ሲና ላይ ሁልጊዜ እንቆማለን። እኔ መርፌዋን ስመልስ የእኅቴ ልጅ ከኋላው ጎማ ዘንድ ቁጢጥ ይልና እጁን ወደ ታምቡሩ አቅርቦ ሙቀቱን ይለካል፤ የቀለጠ ግራሶ እንዳይኖርም ጠጋ ብሎ ያሸታል። ከዚያ በኋላ ተነሥቶ «አጎቴ፥ እንሂድ» ይለኛል፤ እስከዚያ ግን አይቀመጥም።