ታምቦ፦ መንገዱን የሚቀልበው ቤት

ስንቅ ያለቀበት ሠራዊት ወዳጅና ጠላት አይለይም፤ ያገኘውን ጎተራ ይከፍታል። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ላይ የገነነው የኢንካ መንግሥት ይህን ችግር የፈታው ታምቦ በሚባል የመንገድ ዳር ማረፊያ ነበር።

ኢንካዎች ፈረስም ጋሪም አልነበራቸውም። ጭነታቸው የሚጓዘው በሰው ጀርባና ላማ በምትባል እንስሳ ነበር፤ ላማ ደግሞ ሰው አትሸከምም። እንዲህም ሆኖ፣ መቶ ዓመት በማይሞላ ጊዜ ከዋና ከተማቸው ከኩስኮ ተነሥተው ከዛሬዋ ደቡብ ኮሎምቢያ እስከ መካከለኛው ቺሊ ድረስ ገዙ። ግዛቱን ያያያዘው ከ30 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መንገድ ነው፤ በየአንድ ቀን የእግር ጉዞ ርቀት ላይ ታምቦ ተሠርቷል።

በታምቦ ውስጥ መኝታ፣ ማድቤትና ጎተራ ይገኛል። ጎተራው በቆሎ፣ ብርድ ልብስ፣ ጫማና የጦር መሣሪያ ይይዛል። ቋንጣም አይጠፋም። ድንቹ ሌሊት በውርጭ በረዶ ይሆናል፣ ቀን ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ውሃው እስኪወጣ በእግር ይረገጣል፤ ቹኞ የተባለው ይህ ደረቅ ድንች ለዓመታት ይቀመጣል። በፔሩ ደጋ፣ በዋኑኮ ፓምፓ ብቻ 500 ያህል ጎተራዎች ኮረብታው ላይ ተደርድረዋል። የገባውንና የወጣውን የሚቆጣጠረው ሹም ሒሳቡን የሚይዘው ኪፑ በሚባል የተቋጠረ ገመድ ነው።

የመስፋፋቱ ምሥጢር ያለው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ወደ ግዛቱ የገባ አገር ሕዝብ ሚታ በተባለው የተራ ሥራ መንገዱን ይጠርጋል፣ ታምቦውን ይሠራል፣ ጎተራውን ይሞላል። ቀጣዩ ዘመቻ ከዚያ ይነሣል፤ ጦሩም የገበሬውን ማጀት ሳይበረብር ያልፋል። ጎተራው ግን የመጣውን ሁሉ ይመግባል፦ በ1533 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በፒዛሮ የተመሩት የስፔን ወራሪዎች ወደ ኩስኮ የገሰገሱት በዚያው መንገድ፣ ከዚያው ስንቅ እየበሉ ነበር። የሚሞላው መንግሥት ሲወድቅ ጎተራው ባዶ ቀረ።

መንገዱን ዩኔስኮ በ2014 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የዚሁ መንገድ አካል የሆነው፣ በአፑሪማክ ወንዝ ላይ ያለው የቄስዋቻካ የሣር ገመድ ድልድይ ግን ዛሬም ሥራ ላይ ነው። በየዓመቱ ሰኔ ገደማ የአካባቢው ሰው ሣር አጭዶ ይመጣል፣ ገመድ ይገምዳል፣ ያረጀውን ቆርጦ ወደ ወንዙ ይጥላል፤ አዲሱንም በተራው ይዘረጋል።