ብሩሽ በዙፋን ፊት

በንጉሠ ነገሥታት ዘመን በነበረችው ቻይና የቁም ጽሕፈት ጥበብ የመጻሕፍት ማስዋቢያ ብቻ አልነበረም። ከእንስሳት ጠጉር የተሠራውን ብሩሽ የሚይዘው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባለ ሥልጣን ስለ ነበረ፣ ጽሕፈቱ የጠባዩ መስተዋት ተደርጎ ይታይ ነበር። ስለዚህም የታላላቆቹን ቁም ጸሐፊዎች ታሪክ ከቤተ መንግሥት ሽኩቻ ለይተን ልናየው አንችልም።

በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን፣ በ709 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተወለደው ያን ዤንቺንግ በአንድ ኃያል ሚኒስትር በመጠላቱ ከመናገሻው ከተማ ርቆ የፒንግዩዋን ገዥ ሆነ። በዚያም ሳለ የጦር አዛዡ አን ሉሻን ለማመፅ መሰናዳቱን ተረዳ። ዝናሙን አመካኝቶ ቅጥሩን አስጠገነ፤ ምሽጉን አስቆፈረ፤ ጎተራውን በእህል አስሞላ። ለተመልካች ግን ከደራስያን ጋር በጀልባ እየተንሸራሸረ መጠጥ የሚጎነጭ ሰው መሰለ። አን ሉሻንም ከመጻፍ በቀር ሌላ የማያውቅ ነው ብሎ ናቀው። በ755 ዓመፁ ሲፈነዳ የአካባቢው ከተሞች ተራ በተራ ሲንበረከኩ ፒንግዩዋን ግን ጸንታ ተዋጋች።

ዋጋው ከባድ ነበር። ዘመዱ ያን ጋኦቺንግና የእርሱ ልጅ ያን ጂሚንግ ሌላ ከተማ ሲከላከሉ፣ ሊደርስላቸው የሚገባው የወገን ጦር አለቃ ሠራዊቱን ይዞ ዝም በማለቱ በዓመፀኞቹ እጅ ተገደሉ። በ758 የወጣቱ የራስ ቅል ብቻ ሲገኝ ያን ዤንቺንግ የለቅሶ ጽሑፍ አረቀቀ። ቃላቱ ተሰርዘዋል፤ ቀለሙ እየደረቀ ብሩሹ ወረቀቱን ይፍቃል። ለውበት ያልታሰበው ይህ ረቂቅ ዛሬ በታይፔ ቤተ መዘክር እንደ ብርቅ ይጠበቃል።

በ783፣ ዕድሜው ከሰባ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ቀጥተኛነቱን የጠላው ዋና ሚኒስትር ሉ ቺ ለዓመፀኛው ሊ ሺሊዬ መልእክተኛ አድርጎ አስላከው። ዓመፀኛውም በሹመት አባበለው፤ በእሳት አስፈራራው። ሽማግሌው አሻፈረኝ በማለቱ በ785 ታንቆ ተገደለ።

የዚህን ተቃራኒ በሶንግ ዘመን እናገኛለን። ንጉሠ ነገሥቱ ሁዊዞንግም ዋና ሚኒስትሩ ጻይ ጂንግም የተደነቁ ቁም ጸሐፊዎች ነበሩ። ጻይ ጂንግ የ309 ተቃዋሚዎቹን ስም በውብ እጁ ጽፎ፣ ለውርደታቸው ምልክት ይሆን ዘንድ በየአውራጃው በድንጋይ አስቀረጸ። ከተወገዙት አንዱ በ1101 የሞተው ታላቁ ባለ ቅኔና ቁም ጸሐፊ ሱ ሺ ነበር። በ1106 ጅራታም ኮከብ በሰማይ ሲታይ ቤተ መንግሥቱ ደንግጦ ድንጋዩን አስፈረሰ። በ1198 ግን ከተወገዙት የአንዱ ተወላጅ በጠበቀው ቅጂ ዝርዝሩ በጉይሊን ዐለት ላይ እንደገና ተቀረጸ፤ የውርደቱ መዝገብ የክብር መዝገብ ሆነ። ጻይ ጂንግም ከሶንግ አራት ታላላቅ ቁም ጸሐፊዎች ጋር ይቆጠር እንደ ነበረ፣ ኋላ ግን ስለ ክፋቱ በሌላ ሰው እንደ ተተካ ይነገራል።

ሁለቱም እጀ ወርቅ ነበሩ። ትውልድ የፈረደው ግን በእጃቸው ሳይሆን፣ እጃቸው በዋለበት ሥራ ነው።