ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ድንበር የሚሠራ የስልክ መተግበሪያ እንዴት ይጻፋል?

አንድ ሰው በገዳሪፍ ከተማ በስልኩ ገንዘብ እየላከ ሳለ ኔትወርኩ ቢቋረጥ፣ ገንዘቡ ደርሷል ወይስ አልደረሰም? ላኪው ደግሞ ቢሞክርስ ከሂሳቡ ሁለት ጊዜ ይቀነሳል? የዚህን ጥያቄ መልስ የሚወስኑት መተግበሪያውን የሠሩት ባለሙያዎች አስቀድመው የጻፏቸው ጥቂት የኮድ መስመሮች ናቸው።

በምሥራቅ ሱዳን ይህ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሱዳን ጦር ሠራዊትና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ሚያዝያ 7/2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ባንኮች በመዘጋታቸውና ጥሬ ገንዘብ በመጥፋቱ፣ ‘ባንካክ’ የተሰኘው የካርቱም ባንክ መተግበሪያ ለብዙ ሱዳናውያን ዋነኛ የመገበያያ መንገድ ሆኗል። በውጭ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት ድጋፍም ሆነ በጎ ፈቃደኞች ለተቸገሩ ምግብ የሚያበስሉበት ገንዘብ በዚሁ መተግበሪያ ያልፋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. መጨረሻ የሱዳን ዋና ዋና የቴሌኮም ኔትወርኮች በተቋረጡ ጊዜ ግን በሂሳባቸው ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ጭምር መግዛትም መላክም ተሳናቸው። በዚያው ወቅት ከድንበሩ ማዶ፣ በአብዛኛው የአማራ ክልል፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ አንስቶ የሞባይል ኢንተርኔት አልነበረም።

የገዳሪፍ ግዛት በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተቀሰቀሰውን የትግራይ ጦርነት ሸሽተው የመጡ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው የኡም ራኩባና የቱናይድባ መጠለያ ጣቢያዎች መገኛ ነው። በሰሊጥና በማሽላ እርሻዎቹ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞችና ከሌሎች የሱዳን ግዛቶች የተፈናቀሉ ሰዎችም ይኖሩበታል። ፈጣን ኢንተርኔት ላለው ከተማ ታስቦ የተሠራ መተግበሪያ ለእነዚህ ሰዎች በሚያስፈልጋቸው ሰዓት ላይገኝ ይችላል። የሚከተሉት አሠራሮች ይህን ክፍተት ለማጥበብ ይረዳሉ።

በመጀመሪያ ስልኩ ላይ ማስቀመጥ

በርካታ መተግበሪያዎች ተጠቃሚው የሞላውን ቅጽ በቀጥታ ወደ ሰርቨር ይልካሉ። ኔትወርክ ከሌለ የስህተት መልእክት ይመጣል፤ የተሞላውም ይጠፋል።

የተሻለው አሠራር ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። መረጃው በመጀመሪያ ስልኩ ውስጥ ባለ የመረጃ ቋት፣ ለምሳሌ በኤስኪውላይት፣ ይቀመጣል፤ ከዚያም ኔትወርክ ሲገኝ ይላካል። በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ‘ወርክ ማኔጀር’ የተባለው መሣሪያ መተግበሪያው ከተዘጋ ወይም ስልኩ ጠፍቶ ከተነሣ በኋላም ይህን ሥራ ይቀጥላል። የእርዳታ ድርጅቶች ለምዝገባና ለዳሰሳ የሚጠቀሙበት ኮቦቱልቦክስም ቅጾችን ያለ ኢንተርኔት ሞልቶ በኋላ መላክ ያስችላል።

አንድ ክፍያ፣ አንድ መለያ

ከሰርቨር መልስ ሳይመጣ ሲቀር ሦስት ነገሮች ተከስተው ሊሆን ይችላል፦ ጥያቄው አልደረሰም፤ ደርሶ አልተፈጸመም፤ ወይም ተፈጽሞ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቷል። ስልኩ እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ አይችልም።

መፍትሔው ለእያንዳንዱ ክፍያ፣ ከመላኩ በፊት፣ ስልኩ ራሱ ዩዩአይዲ የተባለውን ዓይነት የማይደገም መለያ እንዲሰጠው ማድረግ ነው። አሠራሩ በአማርኛ ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

1. መለያ = አዲስ የማይደገም ቁጥር
2. መለያውን፣ መጠኑንና ተቀባዩን ስልኩ ላይ አስቀምጥ፤ ሁኔታ = “በመጠባበቅ ላይ”
3. ወደ ሰርቨር ላክ
4. መልስ ካልመጣ ጥቂት ቆይተህ በዚያው መለያ እንደገና ላክ
5. ሰርቨሩ መለያውን ቀድሞ ካየው ገንዘቡን ዳግም ሳይቀንስ የቀድሞውን መልስ ይመልስ
6. መልስ ሲመጣ ሁኔታ = “ተፈጽሟል” ወይም “አልተፈጸመም”

ዋናው ጥንቃቄ በአራተኛው ተራ ላይ ነው። ሙከራው ሲደገም አዲስ መለያ ከተሰጠ ሰርቨሩ እንደ ሌላ ክፍያ ይቆጥረዋል።

በሙከራዎች መካከል ያለው ቆይታም 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሰከንድ እያለ መጨመር አለበት፤ በላዩም ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ይታከልበታል። ይህ ካልሆነ የተቋረጠ ኔትወርክ ሲመለስ ሁሉም ስልኮች በአንድ ቅጽበት እየላኩ ሰርቨሩን መልሰው ሊጥሉት ይችላሉ።

አንድ ድንበር፣ ሁለት ሰዓት

መተማ ዮሐንስና ጋላባት በጠባብ ድንበር የተለያዩ ከተሞች ናቸው። ሱዳን በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደኋላ ስለመለሰች ግን ሰዓታቸው አንድ አይደለም። በመተማ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን፣ በጋላባት ሰዓቱ በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ከጠዋቱ 7 ነው። “2 ሰዓት” ተብሎ የተያዘ ቀጠሮም ለሱዳናዊው አንባቢ ከቀትር በኋላ ሊመስለው ይችላል።

በተጨማሪም ስልኩ የማዶውን ምሰሶ ኔትወርክ ሲይዝ ሰዓቱን ራሱ ሊቀይር ይችላል። ስለዚህ ጊዜ ሁሉ ዩቲሲ በተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ ተመዝግቦ፣ ለተጠቃሚው በሚታይበት ጊዜ ብቻ ወደ አካባቢው አቆጣጠር ሊለወጥ ይገባል።

የልደት ቀን መመዝገቢያም 12 ወራት ብቻ ካሉት በጳጉሜን የተወለደን ሰው መመዝገብ አይችልም። ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ ቀሪው 3 ከሆነ፣ ማለትም በባሕረ ሐሳብ ዘመነ ሉቃስ በሚባለው ዓመት፣ ጳጉሜን 6 ቀን አላት፤ 2015 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ዓመት ነበር።

ስሙ አንድ፣ አጻጻፉ ብዙ

ቤተሰቡን የሚፈልግ ሰው “ኃይሌ” ብሎ ሲጽፍ በመዝገቡ ላይ ያለው “ሀይሌ” ወይም “ሐይሌ” ከሆነ ተራ የፍለጋ ኮድ “አልተገኘም” ይላል። ለኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ፊደል የተለየ ቁጥር ነውና።

ለዚህ የሚረዳው ከስሙ ጎን ለፍለጋ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ቅጂ ማስቀመጥ ነው። በቅጂው ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓና ኃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፤ ኣ፣ ዐና ዓ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ተከታይ ድምፆቻቸውም እንዲሁ። ፈላጊው የጻፈውም በዚሁ ደንብ ተለውጦ ይነጻጸራል።

ዋናው ስም ግን ፈጽሞ መነካት የለበትም። ለአማርኛ ተናጋሪ አንድ ድምፅ ያላቸው ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ በትግርኛ የተለያዩ ድምፆች ናቸው፤ ከትግራይ ለመጣ ስደተኛ የፊደሉ መለወጥ የስሙ መለወጥ ነው። በዐረብኛ የ“ጴ” ድምፅ ስለሌለ ጴጥሮስ በ“ቡ” ተጀምሮ ይጻፋል። ስለሆነም ባለቤቱ በሰጠው ፊደል የተጻፈው ስምና የዐረብኛው አጻጻፍ ለየብቻ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። “የቤተሰብ ስም” የሚል አስገዳጅ ሳጥንም በአባትና በአያት ስም ለሚጠሩ ሰዎች አይሆንም።

የፊደሉ ዋጋ

በዩቲኤፍ-8 አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት፣ የዐረብኛ 2፣ የግእዝ ደግሞ 3 ባይት ይወስዳል። ቦታን በባይት የሚለካ ኮድ የአማርኛን ስም መሀል ላይ ቆርጦ የማይነበብ ምልክት ሊያስቀር ይችላል።

በአጭር የጽሑፍ መልእክትም በላቲን 160 ፊደል ሲፈቀድ በግእዝ ወይም በዐረብኛ ፊደል 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ መልእክቱ 67 ፊደል በሚይዙ ክፍሎች ይከፈላል፤ ወጪውም በክፍሎቹ ቁጥር ልክ ያድጋል።

ኢንተርኔት ጠፍቶ የስልክ ጥሪ በሚሠራበት ጊዜ ሌላ መንገድ አለ። በኢትዮጵያ ቴሌብር በ*127# በኩል ያለ ዳታ ይሠራል። ዋና ዋና አገልግሎቶችን በእንዲህ ያለ የቁጥር ምናሌ ማቅረብ ዘመናዊ ስልክ የሌላቸውንም ያካትታል።

የተቀመጠ መረጃ አደጋም አለው

መረጃን ስልኩ ላይ ማስቀመጥ የራሱ ጉዳት አለው። በፍተሻ ኬላ ላይ የተከፈተ ወይም የተሰረቀ ስልክ የስደተኞችን ስም፣ ብሔርና መኖሪያ ሊያጋልጥ ይችላል።

ስለዚህ መተግበሪያው የማያስፈልገውን መረጃ ባይጠይቅ ይመረጣል። የተቀመጠው መመስጠር፣ የምስጢር ቁልፉም በአንድሮይድ ኪይስቶር ውስጥ መቆየት አለበት። ሰርቨሩ መቀበሉን ካረጋገጠ በኋላ ዝርዝሩ ከስልኩ ላይ ይሰረዛል፤ ከማረጋገጫው በፊት መሰረዝ ግን የሰውን ምዝገባ ማጥፋት ነው።

እነዚህን ሁሉ ለመፈተን ድንበር ድረስ መሄድ አያስፈልግም። ባለሙያው “ላክ” የሚለውን ተጭኖ ወዲያው ስልኩን ወደ አውሮፕላን ሁነታ ይቀይር፤ መተግበሪያውን ዘግቶ ይክፈት፤ ኔትወርኩን ይመልስ፤ ደግሞም ይላክ። በሰርቨሩ መዝገብ ላይ የሚገኘው ክፍያ አንድ ብቻ ከሆነ ፈተናውን አልፏል።